የመመለሻው ጉልበት

ቁንጫ ይሉኝ ነበር። ስሜ ኑሪያ ነው፤ በዚያ የጀልባ ቤት ግን ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም። አጭር ነኝ፣ ክብደቴ የዶሮ ነው፣ ድምፄ ግን ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ስለዚህ አራት ሴት ልጆች በሚቀዝፏት ጀልባ ጭራ ላይ አስቀምጠው መሪውን አስያዙኝ። መሪ ያዥ መቅዘፊያ አይነካም፤ ሥራው መጮህ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «እኛ ቤት በነፃ ስትሠሪው የኖርሽውን ሥራ ነው የሰጡሽ» አለችኝ።

ቀዛፊ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሄደው። የሚሄድበትን አያይም፤ የሚያየው የመጣበትን ነው። ፊቴን ወደፊት አድርጌ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ብሆን ወንዙን ብቻ አይደለም የማየው። ከአፍንጫዬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የተቀመጠችውን፣ ሦስቱ ምቷን የሚከተሏትን ልጅ ፊት አያለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ያ ፊት የዶሚቲላ ካርካሞ ነበር። ወላጅ እናቷ እንኳ ያን ያህል አላየችውም። ስለዚህ የእሷን ነገር ማውራት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ለሌላ ሰው ብተወው ያሳምረዋል።

አስቀድሜ ልናገር፣ በአገር አቀፉ ውድድር የወጣነው ሦስተኛ ነው። ስለ ሦስተኛ ማንም አይዘፍንም። ቲላ (ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራት) ዛሬ የጤና ጣቢያውን ጀልባ እየነዳች ሽማግሌና ነፍሰ ጡር በወንዙ ላይ ታመላልሳለች። አባቷ ዶን ኤሊሴዎ ደግሞ ዛሬ የሚበሉት በግራ እጃቸው ነው። የኔ ወሬ ስለዚያ ግራ እጅ ነው።

ቲላ የተወለደችው ከከተማችን ከቫልዲቪያ ማዶ፣ ፑንታ ማቲያ በምትባል አንድ ቁራጭ መንደር ነው። ድልድዩ ሩቅ ነው፣ አውቶቡሱም ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ስለዚህ በአባቷ የእንጨት ጀልባ ራሷ እየቀዘፈች ትመጣለች። እናቷ ፖርቶ ሞንት ከተማ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። ዶን ኤሊሴዎ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀዝፈው ቀኝ ትከሻቸው ከድቷቸዋል፤ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም። ቤቱ በልጅቷ ጫንቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ በጭስ የደረቀውን ዓሣና ጎመኑን ጭና ትሻገራለች፣ ወንዝ ዳር ገበያው ላይ የባሕር አንበሶቹ እያጓሩባት ታራግፋለች። ከዚያ ልምምድ፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ደግሞ ልምምድ። ማታ ቀዝፋ ቤት ትገባና እንጨት ትፈልጣለች። ሒሳብ ክፍል ዓይኗን ገልጣ መተኛት ትችል ነበር። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ አስተማሪው ሲጠጋ በክርኔ እጎሽማታለሁ።

የኛ ክረምት ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲጀምር ሰው ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ሲሰነብት ጃንጥላውን ጥሎ ይረጥባል። የጀልባ ቤቱ የእርጥብ ካልሲና የዝገት ሽታ አለው። የቀዘፋ ማሽኖቹ ሰንሰለታቸው ይጮሃል፣ ልጆቹም ከሰንሰለቱ እኩል ያቃስታሉ። የአሸዋ ከረጢት ተሸክሞ ቁጢጥ ብድግ ማለት፣ ከወንዙ እስከ መንገዱ ያለውን ደረጃ እየሮጡ መውጣት፣ ከዚያ «ማን ውረዱ አላችሁ?» ተብሎ እንደገና መውጣት። መዳፋቸው ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ የጠነከረው ተልጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። በጨው ውኃ ሲታጠቡ የሚሳደቡትን ስድብ ካህን ቢሰማ አገር ለቆ ይሄዳል። ደግሞም ረሃቡ! አንዲት ልጅ አንድ ትሪ ሶፓይፒያ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ የዱባ ቂጣ፣ ከነትኩሱ ጨርሳ «ምሳ መቼ ነው?» ስትል ሰምቻለሁ።

አሰልጣኛችን ፕሮፌ አንሴልሞ ነው፤ ፕሮፌ የምንለው አስተማሪን ነው። በወጣትነቱ ለአገር ቀዝፏል ይባላል፤ አሁን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። አንድ አባባል አለው፣ ቀንም ማታም እሱኑ ነው የሚያመነዥከው፦ «ከጀልባ በእግሩ የወረደ ሰው አልቀዘፈም።» ሌሎቹ ልጆች እርግጥም ሲጨርሱ እንደ ጆንያ ነው የሚወድቁት፤ የሚያስታውኩም አሉ። ቲላ ግን ትነሳለች፣ ጀልባውን ትሸከማለች፣ ጫማዋን ታስራለች፣ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ፕሮፌ መንገድ ዘጋባት።

«ካርካሞ! የት ነው?»

«ቤት፣ ፕሮፌ።»

«አይደለም፣ ጉልበትሽን ነው የምጠይቅሽ። የት ነው የምትደብቂው? ከሁሉም ጠንካራ አንቺ ነሽ፤ ይህን ዕውር ያየዋል። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቀርሻል። ለማን ነው የምታስቀምጪው? ለልጅ ልጆችሽ?»

«ለመመለሻ» አለች ቲላ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቲላ ግን ቀልድ አላወራችም ነበር።

ምክንያቱን የነገረችኝ ሌላ ቀን ነው፤ ገበያው ጥግ ቆመን ዝናቡን ስናሳልፍ። ዶን ኤሊሴዎ ታናሽ ወንድም ነበራቸው፣ አታናሲዮ የሚባል። በቅዱስ ጴጥሮስ ቀን ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አሸብርቀው የቅዱሱን ሐውልት በወንዙ ላይ ያዞራሉ፣ ከዚያ ይሽቀዳደማሉ። አታናሲዮ አንደኛ ወጣ። ሰው ሁሉ ተሸክሞ አስጨፈረው። ከዚያ ብቻውን ወደ ቤቱ ሊሻገር ጀልባው ውስጥ ገባ። ነፋስ ተነሳ፣ የወንዙ ውኃ ወደ ባሕር የሚሸሽበት ሰዓት ነበር፣ ክንዱ ውስጥ ደግሞ ምንም አልቀረም። ጀልባዋን በሦስተኛው ቀን አገኟት፤ እሱን አላገኙትም።

«አባዬ ምን ይላል መሰለሽ» አለችኝ። «‹ወንድሜ አሸንፎ ነው የሰመጠ።› ቡድኑ ውስጥ ልግባ ስለው ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ከዚያ፣ ‹ቅዘፊ› አለኝ፣ ‹ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እንዳትረሺ። ሌላ ሰው ቀዝፎ ያመጣሽ ዕለት ግን ይህ ነገር አበቃ።›»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«እሺ ነዋ! ምን ልለው ኖሯል?»

እኔ ቢሆን ብዙ ነገር እል ነበር። ቲላ ግን የአባቷ ልጅ ነች፤ «እሺ» ካለች እሺ ነው።

ሁለተኛው ክረምት ሊያልቅ ሲል፣ ለአገር አቀፉ ውድድር፣ ጀልባዋ ላይ ሦስት ወንበር ተይዞ አንድ ቀረ፣ ያ ፊት ለፊቴ ያለው። ፈላጊዎቹ ሁለት ነበሩ፣ ቲላና ኢንግሪድ። ኢንግሪድ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ነች፤ መቃ የመሰለች፣ ጤናማ፣ ሌሊቱን ሙሉ የምትተኛ። ልጠላት ሞክሬ ነበር። ግን ጠዋት ጠዋት ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ እያመጣች ለሁላችንም ስለምታድል አልሆነልኝም።

እንዲህ ሲሆን ፕሮፌ የሚያደርገውን የጀልባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማቀያየር ነው። ሁለት ጀልባ ጎን ለጎን ይሽቀዳደማል። ከዚያ ወንዙ መሃል ይጠጋጉና ሁለቱ ተፎካካሪዎች ብቻ እየተንጠላጠሉ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ያንኑ ርቀት እንደገና መቅዘፍ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ እንዳለ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ የማን እንደሆነ ወንዙ ራሱ ይናገራል፤ በማንም ማመካኘት አይቻልም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ቲላ የመጣችው ዓሣውን ካራገፈች በኋላ ነው፤ እጅጌዋ ገና ቅርፊት ነበረበት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። «ተኝተሻል?» አልኳት። «ትንሽ» አለች። ቲላ ትንሽ ካለች ምንም ማለት ነው።

በመጀመሪያው ዙር ኢንግሪድ እኔ ጋ ሆነች፣ ቲላ ወዲያኛው ጀልባ። እኛ በአንድ ጀልባ ሙሉ ርዝመት አሸነፍን። ቲላ ወንበሩን እንድታገኝ ወደኔ ተሻግራ ከዚያ በሰፋ ልዩነት ማሸነፍ ነበረባት፤ ያውም ክንዷ አንድ ዙር ቀዝፎ ገበያም አድርሶ። ጀልባዎቹ ተጠጉ። ቲላ በዝናቡ ውስጥ ተሻግራ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ኢንግሪድ ከወዲያኛው ጀልባ ሆና፣ «ቲላ፣ አይዞሽ» አለቻት። ዳቦው አልበቃ ብሏት ደግሞ ይህን ትላለች!

ተነሳን። እስከ ግማሽ ድረስ በጥሩ ቀደምን፤ ጥሩ ግን አይበቃም። ጮህኩ፣ ሰደብኩ፣ ለመንኩ። ከዚያ ዓይኗ ውስጥ ያ የማውቀው ነገር መጣ። ሰው ገበያ መሃል ሆኖ ለመሳፈሪያ ያስቀራትን ሳንቲም በኪሱ ሲዳብስ የሚያሳየው ፊት ነው። የመመለሻዋን እየዳበሰች ነበር። በስተግራችን ወንዙ ቡላ ሆኖ ይወርዳል፣ ማዶ ፑንታ ማቲያ በጭጋግ ተሸፍናለች። አውቄዋለሁ፤ እስከዚህች ድረስ ትሰጠኛለች፣ ከዚህች በላይ ብሞት አትሰጠኝም።

መጮህ ተውኩ። ጎንበስ ብዬ ለእሷ ብቻ፣ «ቲላ፣ የመመለሻሽን እኔ እቀዝፋለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያ ሁሉ ጣር መሃል ሰው ሊስቅ ይችላል ቢሉኝ አላምንም ነበር። «አንቺ?» አለች፣ በትንፋሽ።

«እኔ! አራግፊው!»

አራገፈችው። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ዛሬ የሌላ ሰው ልጆች እያሰለጠንኩ እንኳ ገና አላየሁም። ጀልባዋ ከሥሬ ሸሸችብኝ። የኋላዎቹ ልጆች ምን እንደመጣባቸው ሳያውቁ ተጎተቱ። ሌላኛው ጀልባ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከዚያም ከዓይኔ ጠፋ። ፊቷ ግን ያስፈራ ነበር። ከንፈሯ ነጭ፣ ዓይኗ ክፍት፣ ምንም አያይም።

ስንወርድ ጉልበቷ ከዳትና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ፕሮፌ ኮፍያውን አውልቆ ዝናቡ ራሱን እስኪያረጥበው አጠገቧ ቆመ። ከዚያ «አሁን ቀዘፍሽ» አላት። ኢንግሪድ ዞር ብላ ትንሽ አለቀሰችና ተመልሳ የራሷን ካፖርት ቲላ ላይ ደረበችላት።

አሁን እኔን እዩኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሳዝ ኖሬ በሕይወቴ የመጀመሪያውን መቅዘፊያ ያዝኩ፤ በእነቲላ የእንጨት ጀልባ ውስጥ፣ ወደ ፑንታ ማቲያ፣ በነፋስ፣ ቲላን እኔ ጭራዋ ላይ የምቀመጥበት ዓይነት ቦታ አስቀምጬ። አንዱ መቅዘፊያ ውኃ ሲይዝ አንዱ አየር ይይዛል። ጀልባዋ እንደ ሰካራም ዞረች።

«ቁንጫ» አለች ቲላ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አትቆፍሪ። ድንች አይደለም።»

«ዝም በይ፣ እየሠራሁ ነው።»

«ግራሽን። ሌላኛውን ግራሽን።»

መዳፌ ወንዙ ግማሽ ላይ ሳንደርስ ተላጠ። ወገቤ የሌላ ሰው ወገብ ሆነ። ያን ሁሉ ቀን «አይዟችሁ፣ ትንሽ ቀረ» እያልኩ የጮህኩት ምን ያህል ውሸት እንደነበር ያኔ ገባኝ። በልቤ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ በአፌ ግን እስከ ዛሬ አላልኩም።

ማዶ ስንቀርብ የመንደሩ መውረጃ ላይ ሰው ቆሟል። ቲላ ባንዴ ነቃች።

«አባዬ ነው። መቅዘፊያውን ስጪኝ። እንቀያየር፣ ቶሎ!»

ልትነሳ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እንደተቀመጠች እጇን ዘረጋችና መቅዘፊያውን ልትይዝ ሞከረች። ጣቶቿ አልታጠፉም። ሁለቴ ሞከረች። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ እኔም ያንኑ ቁፋሮዬን ቀጠልኩ። ምን እላታለሁ? እዚህ ያደረስኳት እኔው ነኝ።

ዶን ኤሊሴዎ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ገመዱን በግራ እጃቸው ተቀበሉ።

«ማነው የቀዘፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ዶን ኤሊሴዎ» አልኩ።

«እሱንማ አይቻለሁ። ከሩቅ ላም እየሰመጠች መስሎኝ ነበር።» ፈገግ አላሉም። ልጃቸውን አዩ። «ምን ሆና ነው?»

«ወንበሩን አገኘች። እኔ ነኝ አራግፊው ያልኳት፣ እሷ…»

«አንቺን አልጠየቅኩም፣ የኔ ልጅ።» ከዚያ ወደ ቲላ ዞሩ። «ቃላችን ምን ነበር?»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ግቢ። ሾርባው ምድጃ ላይ ነው።»

ቲላ ግድግዳውን እየተደገፈች ገባች። ዶን ኤሊሴዎ ለኔ ጎረቤታቸውን ጠርተው በሞተር ጀልባ አሻገሩኝ። እስክርቅ ድረስ እዚያው ውኃው ውስጥ ቆመው ነበር፤ የሚያዩት ግን እኔን አልነበረም፣ ወንዙን ነው። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከተቆጣ ሰው ጋር መከራከር ይቻላል።

በነጋታው እሑድ ቢሆንም ልምምድ ነበረ። ለፕሮፌ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። አገጩን አሸት አደረገና፣ «ወንበር ባዶ አይሄድም» አለ፤ ኢንግሪድን ልብስሽን ቀይሪ አላት። ኢንግሪድ ቀየረች፣ ግን ወደ ጀልባው አልሄደችም። ሁላችንም መውረጃው ላይ ቆመን ጭጋጉን እናያለን። ፕሮፌ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ አየ። በመጨረሻ «እንግዲህ…» ሲል የእንጨት ድምፅ ሰማን።

የዶን ኤሊሴዎ ጀልባ ከጭጋጉ ወጣች፤ አዘንብላ፣ ወደ ቀኝ እየወደቀች፣ እየተስተካከለች። የሚቀዝፉት እሳቸው ናቸው። ግራው ክንድ ይስባል፤ ቀኙን ወደ ደረታቸው አጣብቀው ወገባቸውን እየጣሉ ነው የሚጎትቱት፣ በእያንዳንዱ ምት ጥርሳቸው ይታያል። ቲላ ጭራዋ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። እንዲያ ተናዳ አይቻት አላውቅም።

«አልሰጠኝም!» አለች ገና ሳይደርሱ። «ከቤት ጀምሮ ስጠኝ እያልኩት፣ አልሰጠኝም!»

ጀልባዋ የመውረጃውን እንጨት ነካች። ዶን ኤሊሴዎ ገመዱን ሊወረውሩ ክንዳቸው አልነሳ አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኳቸው።

«ዶን ኤሊሴዎ፣ ትከሻዎ…»

«ትከሻው የኔ ነው።» ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። «ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «አታናሲዮ ያኔ ሲሻገር እኔ ወዲህ ዳር ቀርቼ ነበር። ጭፈራ ላይ ነበርኩ። መቅዘፊያውን የሚቀበለው ሰው ነው ያጣው።»

ከዚያ ቲላን በግራ እጃቸው ትከሻዋን ገፋ አደረጓት። «ሂጂ። እዚህ ጨርሺው። የመመለሻውን እኔ ይዤዋለሁ።»

«አባዬ፣ በዚህ ክንድህ…»

«ሂጂ አልኩ!»

ፕሮፌ አንሴልሞ፣ ያ አፈኛ ሰውዬ፣ የራሱን ወንበር ከጀልባ ቤቱ አውጥቶ ጣሪያው ሥር አስቀመጠላቸው። ኢንግሪድ ማቴ፣ ያንን ትኩስ የቅጠል ሻይ፣ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ በቀኛቸው ሊቀበሉ ሞክረው በግራቸው ተቀበሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ውድድሩ ድረስ ጠዋት አመጧት፣ ማታ ወሰዷት። ትከሻዎን ያሳርፉ ብለን ብንለምናቸውም አልሰሙንም፤ ያቺ ቀኝ እጅ ከዚያ ወዲህ ማንኪያ አላነሳችም።

ጀልባችንን አውርደን ገባን። ቲላ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔ ፊቴ ወደ ወንዙ ስለሆነ ዳሩን አላይም፤ ዳሩ ከጀርባዬ ነው። የሚያየው እሷ ነች።

«ተቀምጠዋል?» አልኳት።

«ተቀምጧል» አለች።

«ዝግጁ» አልኩ፣ ልጆቹም መቅዘፊያቸውን ውኃ ውስጥ አገቡ። ያን የማውቀውን ነገር ዓይኗ ውስጥ ፈለግሁት። አልነበረም። አባቷን እያየች ነበር፣ እየራቅናቸው ስንሄድም ዓይኗን አልነቀለችም። ያን ዕለት አራግፊው ብዬ አልጮህኩባትም፤ ሳልጠይቃት አራገፈችው።